ኮቱ ከተሰቀለ

ሟቹ የተገኘው በክፍሉ በር ሥር በደረቱ ተደፍቶ ነው። ቀኝ እጁ ወደ በሩ ተዘርግቷል፤ ጥፍሮቹ ተሰባብረዋል፤ ጥቁር ሱሪው ጉልበቱ ላይ ነጣ ነጣ ብሏል። ከበስተኋላው፣ ከጠረጴዛው አጠገብ፣ ግራጫ ኮቱ የወንበሩ መደገፊያ ላይ ተደርቧል። በኮቱ ኪስ ውስጥ ስልኩና የአስም መድኃኒቱ፣ ሰው ሁሉ «ፓፍ» የሚላት ትንሽ ዕቃ፣ እንዳሉ ናቸው።

ሐኪሙ ጎንበስ ብሎ አየና «አስም ነው፤ ኮቱ ጋ ሳይደርስ ቀድሞት ነው» አለ። የተሰበሰበው ሰው ሁሉ ራሱን ነቀነቀ። ያልነቀነቀችው የሟቹ ታላቅ እህት ብቻ ናት።

«ወንድሜ ከአስሙ ጋር አብሮ ያደገ ሰው ነው። ዛሬ ምን አጣልቷቸው ነው?» አለችና ፖሊስ አስጠራች።

የመጣችው መርማሪ በመሥሪያ ቤቷ «ወንፊት» ትባላለች። ወፈር ያለች፣ ቀስ ብላ የምትራመድ፣ መነጽሯን ጸጉሯ ላይ ሰክታ «መነጽሬን የት ጣልኩት?» እያለች የምትፈልግ ሴት ናት። ያንን ፍለጋ አይቶ ልቡን ያሳረፈ ወንጀለኛ ብዙ ነው፤ በኋላ ያልተጸጸተ ግን የለም። ከደረሰች ጀምሮ ሬሳውን ብዙም አላየችውም። ያየችው ወለሉን ነው። በበሩ ሥር ምንጣፉ መዳፍ በሚያህል ስፋት ቀለሙን ለቅቆ ነጥቷል። ተንበርክካ አሸተተችው፤ በረኪና ነው። መስኮቱን ገፋ አደረገችው፤ አልተነቃነቀም። ከጎረቤቱ የብረት ሥራ ቤት አቧራ እንዳይገባ ከተቸነከረ ዓመታት አልፈዋል። ያ ሥራ ቤት ቀኑን ሙሉ ብረት ሲቆርጥ ስለሚውል በዚህ ክፍል በር ቢደበደብ ታች ያለ ሰው አይሰማም።

ከበሩ ውጭ፣ ኮሪደሩ ላይ፣ አንድ የነሐስ መስቀያ አለ። ባዶ ነው።

«ይህ የማን ነው?»

«የሱ ነው» አለች እህቱ። «ኮቱን ሁልጊዜ እዚህ ነው የሚሰቅለው።»

«ፓፏ ኪሱ ውስጥ እያለች? ውጭ?»

«ስንት ጊዜ ተቆጥቼዋለሁ መሰለሽ። 'እትዬ፣ ሁለት እርምጃ ናት' ይለኛል። ለትምህርቱ ብሎ እኮ ነው።»

ትምህርቱ እንዲህ ነው። ሟቹ የሕግ ትምህርት ቤት የመግቢያ ፈተና ለሚወስዱ ሰዎች በዚሁ በአባቱ ቤት ፎቅ ላይ ያስጠና ነበር። ፈተናው ሕግ አይጠይቅም፤ አስተሳሰብ ነው የሚጠይቀው። ይህ ከሆነ ምን ይከተላል፣ ይህ ካልሆነስ ምን ማለት ይቻላል የሚል ነገር። ሰውዬው ይህን ሲያስተምር ኖሮ ኖሮ «ከሆነ» የምትል ቃል ከአፉ አትጠፋም። ሻይ ይጠጡ እንደሆነ ሲጠየቅ «ትኩስ ከሆነ» ይላል። ስለዚህ ተማሪዎቹ «ጋሽ ከሆነ» ብለው ስም አወጡለት፤ እሱም ወደደው። አዲስ ተማሪ ሲመጣ መጀመሪያ ኮሪደሩ ላይ ያቆመውና «ኮቴ እዚህ ከተሰቀለ፣ እኔ ውስጥ ነኝ» ብሎ ቃል ይገባል። ቃሉን አንድ ቀን እንኳ አላጠፈም። ኮቱን ሰቅሎ የትም ሄዶ አያውቅም።

ወንፊት እህቲቱን ታች ባለው ቢሮ አስቀመጠቻት።

«ከሰዓት በኋላ ወደ ላይ ወጥተው ነበር?»

«ወጥቼ ነበር። ምሳውን በልቶ ወረቀት ሊያርም ገባ፤ ትንሽ ቆይቼ የሚፈልገው ነገር ካለ ልጠይቀው ብዬ ወጣሁ። መስቀያው ባዶ ነው። ወጥቷል ብዬ ተመለስኩ።»

«አላንኳኩም?»

«ኮቱ ከሌለ ምን ላንኳኳ?» አለችና ድንገት እጇን አፏ ላይ ጫነች። «በረኪና ሸቶኝ ነበር። ሠራተኛዋ አጥባ ይሆናል አልኩ። እዚያ በር ላይ ቆሜ፣ እሱ ውስጥ...»

ወንፊት ውሃ አቀረበችላትና ጠበቀቻት።

«ጠዋት የተለየ ነገር ነበር?»

«ክፍሉ ውስጥ ከአንድ ሰው ጋር ሲነጋገር ሰምቻለሁ። ከማን ጋር እንደሆነ አላየሁም። 'እስከ ነገ ጠዋት አንተ ካልተናገርክ፣ እኔ እናገራለሁ' ሲል ሰማሁት። ድምፁ የተቆጣ ሰው ድምፅ አይደለም። ያዘነ ሰው ድምፅ ነው።»

«የክፍሉ ቁልፍስ?»

«እዚያ ምስማር ላይ። ቆልፎ ስለማያውቅ ማንም ነክቶት አያውቅም።» በረኪናውም ደረጃው ሥር ባለው ቁም ሳጥን ውስጥ፣ ለሁሉም ክፍት ነው።

ሁለተኛው ተጠያቂ ከተማሪዎቹ አንዱ የሆነ ልብስ ሰፊ ነው። ፈተናውን ሁለት ጊዜ ወድቆ ለሦስተኛ የሚዘጋጅ ሰው ስለሆነ «ድጋሚ» ይሉታል። ሲመሽ ሟቹ ሳይመለስ ሲቀር ከእህቲቱ ጋር በሩን ከፍቶ ሬሳውን ያገኘው እሱ ነው።

«ቀደም ብዬም መጥቼ ነበር ኢንስፔክተር። ጋሼ 'ኮቴ ከተሰቀለ ውስጥ ነኝ' ብለዋል። አልተሰቀለም። ስለዚህ የሉም አልኩና ሄድኩ።»

«ለምን ፈለግሃቸው?»

ልብስ ሰፊው አንገቱን ደፋ። «ሰሞኑን አንድ የማላውቀው ሰው ሱቄ መጣና የዘንድሮውን ጥያቄ ከፈተናው በፊት ላገኝልህ እችላለሁ አለኝ። የላከው ሰው እዚሁ እኛ የምናጠናበት ቤት ያለ ነው አለ፤ ስሙን አልነገረኝም። ብወድቅም በራሴ ጭንቅላት ልውደቅ ብዬ ትናንት ለጋሼ ነገርኳቸው። ምንም አላሉም፤ 'ገባኝ' ብቻ ነው ያሉኝ። ምን እንደወሰኑ ልጠይቅ ነበር የመጣሁት።»

ሦስተኛዋ ነርስ ናት። የዘንድሮ አንደኛ ተማሪ እሷ ናት፤ ሌሊት ታማሚ ስታስታምም አድራ፣ ቀን ስታጠና ውላ፣ ነገ ወዲያ ለሚሰጠው ፈተና የደረሰች ልጅ። እዚሁ የሚያስተምረው የሟቹ ምክትል እጮኛዋ ነው። ዓይኗ ቀልቷል፤ ቃሏ ግን ቁጥብ ነው።

«ወጣሁ፤ ተመለስኩ።»

«መስቀያው ባዶ ስለሆነ?»

ነርሷ ዝም አለች። ዝምታው ከጥያቄው ረዘመ።

«አዎ» አለች በመጨረሻ።

«የኔ ልጅ፣ ሁለት ሰው ይህንኑ ሲለኝ ሳያስብ ነው የመለሰልኝ። አንቺ ምነው ታስቢበታለሽ?»

«ደክሞኝ ነው።»

ወንፊት አልገፋቻትም። መነጽሯን ፍለጋ ጠረጴዛውን ዳበሰች፤ ነርሷ ሳትፈልግ ወደ መርማሪዋ ራስ በጣቷ አመለከተች። ሁለቱም ፈገግ አሉ። የነርሷ ፈገግታ ግን ወዲያው ወደ ለቅሶ ተለወጠ።

ምክትሉ የመጣው ክራቫቱን እያስተካከለ፣ የቆዳ ቦርሳውን እንዳንጠለጠለ ነው። በልጅነቱ አባቱ ሞቶበት ሟቹ አሳድጎታል፣ አስተምሮታል፣ በኋላም አጠገቡ አስቀምጦ «ልጄ» ሲለው ኖሯል። ሰው ሁሉ ያጽናና የነበረው እሱን ነው።

«እኔም እንደሌሎቹ ነኝ» አለ። «ወጥቼ ነበር። መስቀያው ባዶ ነው። ባዶ ከሆነ የሉም ማለት ነው ብዬ ወረድኩ። ዕድሜ ልኬን የሚቆጨኝ ይኸው ነው።»

«ጠላት ነበራቸው?»

«ጋሼ? ማንም አልነበራቸውም።» ድምፁን ዝቅ አደረገ። «በማንም ላይ ጣት አልቀስርም። ግን ግድያ ነው ካሉ፣ ስለ ሰው ትንፋሽ ከሁላችንም በላይ የምታውቅ ሰው እዚህ ቤት አለች። ሰሞኑንም ከጋሼ ጋር ተኳርፋለች።»

«እጮኛዎን ነው የሚሉኝ?»

«ልቤ እየደማ ነው የምናገረው።»

ወንፊት በሐዘኔታ ራሷን ነቀነቀች። «ወደ ላይ አብረን እንውጣማ። ይህ የኮት ትምህርት ጨርሶ አልገባኝም። ለእኔ ለማታውቀው ቢያስረዱኝ?»

ምክትሉ የማስተማሪያው ክፍል ውስጥ ጠመኔ ሲይዝ የሐዘኑ ፊት ተነነ። ማስተማር ይወዳል፤ ያውቅበታልም።

«ኮቱ ከተሰቀለ፣ ሰውየው ውስጥ ነው። ሕጉ ይህ ብቻ ነው። አሁን ሰውየው ውስጥ ካልሆነ፣ ኮቱ አልተሰቀለም ማለት እንችላለን። ይህ አያከራክርም። ነገር ግን ኮቱ አልተሰቀለም እንበል። ምን እናውቃለን?»

«ሰውየው የለም» አለች ወንፊት።

ምክትሉ ፈገግ አለ። «ሁሉም እንዲህ ይላል። ግን ምንም አናውቅም። ሊኖርም ላይኖርም ይችላል። ረስቶ ኮቱን ለብሶ ገብቶ ይሆናል፣ እንደዛሬው ማለቴ ነው። ይህን የሚስት ሰው ፈተናው ላይ ባይቀመጥ ይሻለዋል። የመጀመሪያውን ቀን ትምህርት ለዓመታት የምሰጠው እኔ ነኝ፤ በእንቅልፌም አልሳሳተውም።»

«ገባኝ» አለች ወንፊት። ሟቹም ለልብስ ሰፊው ያለው ይህንኑ ቃል ነበር።

እሱን ወደ ታች ሸኝታ ብቻዋን ወደ ሟቹ ክፍል ተመለሰች። ኮቱን ከወንበሩ አንስታ ወደ ብርሃን ያዘችው። ጀርባው ላይ ተጣጥፎ የታጨቀ ልብስ ያለው ዓይነት መስመር አለ። ሰማያዊ ገበሩ ላይ ደግሞ አንድ ቦታ ቀለሙ ለቅቋል። ተንፍሳ ወረደችና አብሯት የመጣውን ሳጅን ሁሉንም ሰው ወደ ማስተማሪያው ክፍል እንዲያወጣ አዘዘችው።

አራቱም የተማሪ ወንበር ላይ ተቀመጡ። ነርሷ ከእጮኛዋ አጠገብ፣ እጇን እጁ ላይ አድርጋ። ጎረቤት ያለው ብረት ሥራ ቤት ሥራ ፈትቶ ስለነበር ክፍሉ ያልለመደው ጸጥታ ወርዶበታል።

«እኔ ተማሪ ነኝ» አለች ወንፊት፤ «ትምህርቴን የጀመርኩት ዛሬ ነው። ስሳሳት አርሙኝ። ትንፋሽ ያጠረው ሰው መድኃኒቱ ክፍሉ ውስጥ ካለ፣ ወዴት ይሄዳል?»

«ወደ መድኃኒቱ» አለ ልብስ ሰፊው።

«ሟቹ ግን ከወንበሩ ርቆ በሩ ሥር ነው የተገኘው። ጥፍሩ እስኪሰበር በሩን ቧጥጧል። ወደ ኮቱ ካልሄደስ?»

መልሱን የሰጠችው ነርሷ ናት፤ ቀስ ብላ፣ አንዷን ቃል ከሌላዋ እየለየች። «ኮቱ ክፍሉ ውስጥ አልነበረም።»

«ጎበዝ። አስሙን የቀሰቀሰው በረኪና የፈሰሰው ደግሞ ከውጭ፣ በበሩ ሥር ነው። ሰውየው ሽታውን ሸሽቶ ከበሩ መራቅ ሲችል ሱሪው እስኪነጣ በረኪናው ውስጥ ተንበረከከ። ለምን? የሚያድነው ነገር ከበሩ ባሻገር፣ መስቀያው ላይ ያለ መስሎት ነው። እንደ ወትሮው ሰቅሎት ነው የገባው። አንድ ሰው ግን ኮቱን ከነፓፏ፣ ከነስልኩ አንስቷል፤ በሩን ቆልፏል፤ ሲያልቅ ከፍቶ ኮቱን ወንበሩ ላይ ደርቦለታል።»

እህቲቱ ዓይኗን ጨፈነች።

«ኮቱን ማንሳት ሁለት ሥራ ይሠራል። መድኃኒቱን ይነሳዋል፤ የሚመጣውን ሰው ደግሞ ይመልሳል። 'ኮቱ የለም፣ ስለዚህ እሱም የለም' የሚል ሰው አያንኳኳም። ገዳዩ ይህን ስሕተት አሳምሮ ያውቀዋል፤ ማን እንደሚሳሳተውም ያውቃል። እትዬ ፈተና ተፈትነው አያውቁም፤ ተሳሳቱ። ድጋሚ ደግሞ...»

«ሁለቱንም ዓመት የጣለኝ ይኸው ስሕተት ነው» አለ ልብስ ሰፊው፣ ድምፁ ሰልሎ።

«ሁለታችሁም በቅንነት ተሳሳታችሁ፤ አመንኳችሁ። ሦስተኛም ሰው እንዲሁ ነገረኝ። 'ባዶ ከሆነ የሉም ማለት ነው ብዬ ወረድኩ' አለኝ። ቆየት ብሎ ግን ይህን ስሕተት በእንቅልፉም እንደማይሳሳተው ነገረኝ። አንዱ ውሸት መሆን አለበት። ጠመኔ ሲይዝ ስላየሁት የትኛው እንደሆነ አልጠፋኝም።»

ሰው ሁሉ ወደ ምክትሉ ዞረ። ምክትሉ ሳቅ አለ። «ሰው ሲደነግጥ የሚያውቀውም ይጠፋዋል። ይህ ውሃ የማያነሳ ማስረጃ ነው።»

«ልክ ነህ፤ ብቻውን አያነሳም» አለች ወንፊት። «እርስዎ» ማለቷን የተወችው እዚህ ላይ ነው። «ስለዚህ ወደ አራተኛዋ እንምጣ። የኔ ልጅ፣ አንቺም የኮቱን ስሕተት አትሳሳቺም። መስቀያው ባዶ ቢሆን ታንኳኪ ነበር። አላንኳኳሽም። ባዶ መስቀያ ያንቺን ዓይነት ሰው አይመልስም፤ የሚመልሰው የምታምኝው ሰው ነው። ደረጃው ላይ ማን አገኘሽ?»

የነርሷ እጅ አሁንም የእጮኛዋ እጅ ላይ ነው።

«ዝም ካልሽ ጥርጣሬው ባንቺ ላይ ያርፋል። ነገ ወዲያ ፈተና አዳራሽ ሳይሆን ጣቢያ ትሆኛለሽ። ይህን ያሰበልሽ ደግሞ እኔ አይደለሁም። 'ስለ ሰው ትንፋሽ ከሁላችንም በላይ የምታውቅ ሰው እዚህ ቤት አለች' ያለኝ አጠገብሽ የተቀመጠው ሰው ነው።»

ነርሷ ክው አለች። ወደ ፊቱ አየች፤ ሐሰት ነው እንዲላት ጠበቀች። እሱ ጠመኔ የነካውን ጣቱን ያብስ ነበር። ያመኑት ፈረስ ይጥላል በደንደስ የሚባለውን ሁሉም ሰው ያውቀዋል፤ ሲወድቁ የሚሰማውን ግን የወደቀ ብቻ ነው የሚያውቀው። እጇን ከእጁ ላይ አነሳች።

«እሱ ነው ያገኘኝ» አለች። «'ጋሼ ኮታቸውን ለብሰው ሲወጡ አሁን አየኋቸው' አለኝና ክንዴን ይዞ መለሰኝ። ሬሳቸው ከተገኘ በኋላ ደግሞ 'ደረጃው ላይ መገናኘታችንን አትናገሪ፤ ከሰርጋችን በፊት በፖሊስ አፍ አንግባ' አለኝ። ባንኳኳ ጋሼ ይሰሙኝ ነበር። ሥራዬ እኮ ነው። ትንፋሽ ያጠረው ሰው መርዳት ሥራዬ ነው።»

«ይቺ ልጅ ራሷን ለማዳን...» ሲል ጀመረ ምክትሉ።

«ሳጅን፣ ቦርሳውን» አለች ወንፊት።

ሳጅኑ የቆዳ ቦርሳውን ገለበጠው። የውስጥ ጨርቁ ላይ ቀለሙን የለቀቀ ቦታ አለ፤ ገና በረኪና በረኪና ይሸታል። ወንፊት ኮቱን አጠገቡ ዘረጋችው። «ጠርሙሱና ኮቱ አንድ ቦርሳ ውስጥ ነበሩ፤ ጠርሙሱ አንጠባጠበ። ኮቱ ከሟቹ ክፍል ካልወጣ፣ ገበሩ ቦርሳህ ውስጥ አይነጣም። ገበሩ ነጥቷል። ቀሪውን አንተ ታስተምራለህ።»

ምክትሉ የተናገረው ለመርማሪዋ ሳይሆን ለእህቲቱ ነው።

«ጥያቄውን ለጥቂት ሰው ነው የሰጠሁት። ጋሼ ግን ነገ ጠዋት ለፈተናው ቢሮ ሊነግሩብኝ ነበር። 'ልጄ' ሲሉኝ ኖረው። ልጁን አሳልፎ የሚሰጥ አባት አለ?»

እህቲቱ ከተቀመጠችበት ሳትነሳ አየችው። «የሰማሁት አንተን ሲያናግር ነው ለካ። 'እስከ ነገ' አለህ እኮ። የዛሬዋን ቀን የሰጠህ ልጁ ስለሆንክ ነው። እሷኑ ቀን ነው የገደልክበት።»

ሳጅኑ ካቴና የምክትሉ እጅ ላይ ሲያስገባ ነርሷ ከወንበሯ ተነሳች።

«ሳምንቱን ሙሉ ያሠራኸኝ እንቆቅልሽ» አለችው፤ «የስድስቱ ዘፋኞች፣ የመርከቦቹ ተራ። 'እኔ ያዘጋጀሁልሽ ልምምድ ነው' ያልከኝ። እሱም የተሰረቀው ነው?»

«እንድታልፊ ብዬ ነው።»

«በራሴ አልፍ ነበር» አለች። ከዚያ ወደ ወንፊት ዞረች። «አንድ በአንድ አስታውሳቸዋለሁ ኢንስፔክተር። ጽፌ እሰጥዎታለሁ፤ ፈተናው እንዲለወጥ ለቢሮው ይንገሩልኝ። እስኪለወጥ እኔ አልቀመጥም።»

«ወራት ሊፈጅ ይችላል፤ ዘንድሮ ላይደርስልሽ ይችላል።»

«አውቃለሁ።» የስንት ሌሊት ድካሟ አብሮ ነበር የሚሄደው።

ልብስ ሰፊው ተነስቶ አጠገቧ ቆመ። «እኔ መጠበቅ ለምጄዋለሁ። አብረን እንጠብቃለን። የኮቷን ነገር እስከዚያው ታስረጂኛለሽ።»

ምክትሉን ሌሎች ፖሊሶች ይዘውት ሲወርዱ ደረጃው ላይ ማንም አልተከተለውም። እህቲቱ ከጠረጴዛው ላይ የወንድሟን ኮት አነሳች። ሳጅኑ ማስረጃ ስለሆነ ላስቲክ ዘርግቶ ሊቀበላት ቀረበ፤ እሷ ግን አላየችውም። ለዓመታት እንደለመደችው ትከሻውን በእጇ እያራገፈች ኮሪደሩን አቋርጣ መስቀያው ጋ ደረሰች፤ ኮቱን አንገትጌው ላይ ይዛ ከፍ አደረገችው።

ነርሷ ከኋላ መጥታ ክንዷን ያዘች።

«እዚያ አይስቀሉት እትዬ» አለች። «ከተሰቀለ፣ ውስጥ ናቸው ማለት ነው።»

እህቲቱ ወደ ባዶው ክፍል ተመለከተች፤ ከዚያ ወደ መስቀያው። ወንድሟ በዚህ ቃል አንድም ቀን ዋሽቶ አያውቅም። ኮቱን ዝቅ አደረገችና ደረቷ ላይ አቀፈችው። ሳጅኑም ላስቲኩን እንደያዘ፣ ምንም ሳይል ቆሞ ጠበቃት።